ዕቃ በመነሻው ይረክሳልን?

ከአገራቸው ርቀው በባዕድ ከተማ የሚኖሩ ምእመናን የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን እስኪያገኙ ድረስ ጸሎታቸውን የሚያደርሱት ብዙ ጊዜ ከሌሎች ክርስቲያኖች በኪራይ ወይም በውሰት ባገኙት ሕንፃ ውስጥ ነው። እኔም ለጥቂት ዓመታት ያገለገልሁት በእንደዚህ ያለ ቦታ ነበር። ሕንፃው ያማረ፥ ባለቤቶቹም ቅኖች ነበሩ። ነገር ግን ከመግቢያው በር በላይ ባለው ሰገነት ላይ ቧንቧዎቹ እንደ ደን ዛፎች ተደርድረው እስከ ጣራው የሚደርሱ አንድ ታላቅ መሣሪያ ቆሞ ነበር፤ ይኸውም አውሮፓውያን ኦርጋን የሚሉት ነው።

ከሽማግሌዎቻችን አንዱ፥ ቅዳሴ ከመጀመሩ በፊት በየእሑዱ ይህን መሣሪያ በመጋረጃ እንሸፍነው የሚል አሳብ አመጡ። ምክንያታቸውንም ሲያስረዱ፥ ይህ ዕቃ ቄሣር ኔሮን የወደደው፥ የክርስቲያን ደም በፈሰሰበት አደባባይ የተነፋ ነውና የእኛን ምስጋና ከበላያችን ሆኖ ሊሰማ አይገባውም አሉ። በዚያው ጉባኤ አንድ ወጣት ተነሥቶ፥ ዕቃ ዕቃ ነው፤ ኃጢአት የሚያድረው በሰው ልብ እንጂ በእርሳስና በቆርቆሮ ውስጥ አይደለም፤ እንዲያውም ከቅዳሴ በኋላ ለምናሰማው መዝሙር ብንገለገልበት ማንን ይጎዳል? ሲል መለሰ። ነገሩ ወደ ቁጣ ደረሰ። መጋረጃው ተሰፍቶ በመጣ ጊዜም የሕንፃው ባለቤቶች ሰምተው እጅግ ዐዘኑ፤ ለእነርሱ የዚያ መሣሪያ ድምፅ እናቶቻቸው የተዳሩበትና አባቶቻቸው የተሸኙበት ድምፅ ነበርና። በመጨረሻም ፍርዱን ለእኔ ተዉልኝ። እኔ ግን ያን ጊዜ ስለ ነገሩ የማውቀው ጥቂት ስለ ነበረ፥ ጊዜ ስጡኝ ብዬ ወደ መጻሕፍት ሄድሁ። ከዚህ ቀጥሎ የሚነበበው ያን ጊዜ ያገኘሁትና በኋላም ያሰብሁበት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ያስታውሱልኝ።

ከስሙ እንጀምር። «ኦርጋኖን» በጽርእ ቋንቋ መሣሪያ፥ የሥራ ዕቃ ማለት ነው። ሰብዓ ሊቃናት በተረጐሙት መዝሙረ ዳዊት፥ በ136ኛው መዝሙር፥ የባቢሎን ምርኮኞች በአኻያ ዛፎች ላይ የሰቀሏቸው የዜማ ዕቃዎች በዚሁ ስም ተጠርተዋል። ስለዚህ በጥንት መጻሕፍት ቃሉን ያገኘ ሰው ሁሉ ባለ ብዙ ቧንቧውን መሣሪያ ያገኘ እንዳይመስለው መጠንቀቅ ይገባል። አውግስጢኖስም 150ኛውን መዝሙር ሲተረጕም ይህንኑ አመልክቷል፤ ቃሉ ለዜማ ዕቃዎች ሁሉ የሚነገር ሲሆን፥ በእርሱ ዘመን ግን በወናፍ ለሚነፋው መሣሪያ መጠሪያ መሆን ጀምሮ ነበር። የእኛም ሊቃውንት ቃሉን ያውቁታል፤ በአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ስም የታወቀው የእመቤታችን የምስጋና መጽሐፍ «አርጋኖን» ይባላልና። መሣሪያው ሳይመጣ ስሙ በመጻሕፍታችን ገብቶ ነበር ማለት ነው።

መሣሪያውን የፈጠረው ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ይኖር የነበረ ክቴሲብዮስ የሚባል ብልህ ሰው ነው። አባቱ ጠጕር አስተካካይ ነበር። ሮማዊው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪዮስ እንደ ጻፈው፥ ክቴሲብዮስ በአባቱ ሱቅ ውስጥ እንደ ልብ ከፍና ዝቅ የሚል መስታወት ሊሰቅል ፈለገ፤ መስታወቱንም የሚያመዛዝን የእርሳስ ክብደት በገመድ አስሮ በጠባብ ቧንቧ ውስጥ ሰወረው። እርሳሱ ወደ ታች በወረደ ቍጥር በቧንቧው ውስጥ ያለው ነፋስ እየተጨነቀ በቀዳዳው ሲወጣ ድምፅ ሰጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ጫጫታውን ለማጥፋት ይደክም ነበር፤ እርሱ ግን የታመቀ ነፋስ ኀይል እንዳለው ከዚያ ተረዳ። ከዚህም ተነሥቶ የውኃ ኦርጋንን ሠራ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ በእጅ የሚገፋ ፓምፕ ነፋሱን በውኃ ውስጥ ወደ ተደፋ የነሐስ ዕቃ ያስገባዋል፤ የውኃው ክብደት ነፋሱን እኩል አድርጎ ይጫነዋል፤ ነፋሱም ተጫዋቹ በጣቱ በሚከፍተው በር በኩል ወደ ቧንቧዎቹ ወጥቶ ይዘምራል። በውኃ ፈንታ ወናፍ ብቻ የሚነፋው ዐይነት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአሁኑ ዘመን በቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ የሚታየው ታላቁ ኦርጋን በመሠረቱ ከዚህ አልተለየም፤ ነፋስ፥ ቧንቧ፥ በጣት የሚከፈት በር።

እንግዲህ በመነሻው ላይ ርኵሰት የሚባል ነገር የለም፤ የጠጕር አስተካካይ ልጅ ብልሃት ነው። የሽማግሌው ቃል የሚነካው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። እርሱም ሐሰት አይደለም። ስዌቶኒዮስ ስለ ኔሮን በጻፈው ታሪክ፥ ያ ንጉሥ መንግሥቱ ሊጠፋ በተቃረበበት ወራት ታላላቅ ሰዎችን ጠርቶ አዲስ ዐይነት የውኃ ኦርጋኖችን እያሳየ ቀኑን እንዳሳለፈ፥ ጠላቶቹንም ድል ቢያደርግ በአደባባይ ሊጫወትበት እንደ ተሳለ ይነገራል። በዛሬይቱ ሊብያ በዝሊተን፥ በጀርመን አገርም በኔኒግ የተገኙት በጠጠር የተሣሉ የወለል ሥዕሎች፥ ሰዎች በሰይፍ ሲጋደሉና ከአራዊት ጋር ሲታገሉ ኦርጋን ተጫዋቹ ከጥሩምባ ነፊው አጠገብ ሆኖ ሥራውን ሲሠራ ያሳያሉ። ክርስቲያኖች ለአንበሳ የተሰጡት በእነዚህ ዐይነት አደባባዮች ነው። የተመልካቹን ደም ለማሞቅ፥ የሚሞተውን ሰው ጩኸት በዜማ ለመሸፈን የተደረገ አገልግሎት ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን በዚያው ዘመን ኦርጋን ሌላም ኑሮ ነበረው። በ1931 ዓ.ም. በቡዳፔስት አጠገብ አኲንኩም በተባለችው የጥንት የሮማውያን ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ የአንድ ትንሽ ኦርጋን ብረቱና ነሐሱ ተገኘ። ቧንቧዎቹ 52 ሲሆኑ በአራት ረድፍ አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ሆነው የተደረደሩ ናቸው። በላዩ ያለው የነሐስ ጽሕፈት መሣሪያው በ228 ዓ.ም. ቪያቶሪኖስ የተባለ የከተማው ሹም እሳት ለሚያጠፉ የጨርቅ ሠራተኞች ማኅበር የሰጠው ስጦታ መሆኑን ይናገራል። ወደ እኛ ሊደርስ የቻለውም የማኅበሩ ቤት ተቃጥሎ መሣሪያው በፍርስራሹ ውስጥ ስለ ተቀበረ ነው፤ የእሳት አጥፊዎች ቤት በእሳት መጥፋቱ የሚያስደንቅ ነው። ለእኔ ጉዳይ ግን የሚጠቅመው ይህ ነው፤ አንዱ መሣሪያ በአንድ ከተማ የግድያ አሽከር፥ በሌላ ከተማ የድኾች ሠራተኞች ማኅበር መጽናኛ ነበር።

አባቶቻችን ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አላሉም። ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያ ክርስቲያኖች በግብዣ ላይ የአሕዛብን የዜማ ዕቃ እንዳይከተሉ ሲያስተምር፥ 150ኛውን መዝሙር በምሥጢር ይፈታዋል፤ በእርሱ ፍቺ በገናው አንደበት፥ ኦርጋኑ የሰው ሥጋ፥ አውታሩም የሰው ጅማት ነው። የእስክንድርያው ክቴሲብዮስ ከነሐስ የሠራውን የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ከሥጋና ከነፍስ ሠራው ማለት ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም መዝሙራትን ሲተረጕም፥ የዜማ ዕቃ ለእስራኤል የተፈቀደው እንደ እንስሳ መሥዋዕት ሁሉ ስለ ልቡናቸው ድካም እንደ ሆነ ያስተምራል። እንዲህ ብለው የጻፉት አባቶች ሥዕል አይተው ሳይሆን ድምፁን በጆሯቸው ሰምተው መሆኑን መርሳት አይገባም። በአንጾኪያና በቍስጥንጥንያ ያለው ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ቲያትርና ወደ ፈረስ እሽቅድምድም ሲሮጥ እያዩ ያለቀሱ እረኞች ናቸው።

ታዲያ እንዲህ የተነቀፈ መሣሪያ በምዕራባውያን ቤተ ክርስቲያን መንበር ያገኘው እንዴት ነው? ነገሩ የተፈጸመው በማንም ጉባኤ ውሳኔ ሳይሆን በረዥም መንገድ ነው። የሮም መንግሥት በምዕራብ ሲፈርስ አደባባዮቹም ተዘጉ፤ ከእነርሱ ጋር ኦርጋን የመሥራት ጥበብ ከዚያ አገር ጠፋ። በምሥራቅ ግን በቍስጥንጥንያ ቤተ መንግሥትና በእሽቅድምድም ሜዳው መነፋቱን ቀጠለ፤ በ390 ዓ.ም. ገደማ ንጉሥ ቴዎዶስዮስ በዚያ ሜዳ ባቆመው ሐውልት እግር ላይ ከዘፋኞቹ ጋር ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይታያል። በ757 ዓ.ም. አምስተኛው ቈስጠንጢኖስ ለፍራንኮች ንጉሥ ለፔፒን አንድ ኦርጋን በስጦታ ላከ። በ826 ዓ.ም. ደግሞ ጊዮርጊስ የሚባል የቬኒስ ቄስ ወደ ፔፒን የልጅ ልጅ ወደ ሉዊ መጥቶ በአኸን ከተማ ኦርጋን ሠራለት፤ በዚያ ዘመን የነበረ አንድ ባለ ቅኔ ግሪኮች የሚመኩበት ነገር አሁን ወደ እኛ መጣ ብሎ ደስታውን ገልጿል። ከዚያም በኋላ መነኮሳት ጥበቡን ተማሩት፤ በ10ኛው መቶ ዓመት በገዳማት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመ። በእንግሊዝ አገር በዊንቸስተር ስለ ነበረው ኦርጋን የተጻፈው ግጥም 26 ወናፎች፥ 70 ነፊዎች፥ 400 ቧንቧዎች እንደ ነበሩት ይተርካል። የባለ ቅኔ ቍጥር ስለ ሆነ ግማሹን ብናምን ይበቃል፤ ቢሆንም ነገሩ ለስላሳ እንዳልነበረ መገመት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እለምናለሁ። መሣሪያው ሳይቋረጥ በእሽቅድምድም ሜዳ በሚነፋበት በቍስጥንጥንያ፥ ወደ ቤተ ክርስቲያን አልገባም፤ በሐጊያ ሶፍያ የተሰማው የሰው ድምፅ ብቻ ነበር። በምዕራብ ግን፥ የአደባባዩ ትዝታ ለብዙ ትውልድ ከተቋረጠ በኋላ፥ እንደ አዲስ ነገር ከንጉሥ እጅ ስለ መጣ ገባ። የመሣሪያው ቧንቧ በሁለቱም አገር አንድ ነው፤ ልዩነቱ በሰሚው ጆሮ ውስጥ ያለው ትዝታ ነው። ይህን የምለው በራሴ ግምት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም አልልም። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ የጻፈውን ሳስብ፥ ነገሩ ከዚያ ጋር አንድ ሆኖ ይታየኛል። ጣዖት ከንቱ ስለ ሆነ ሥጋው በራሱ ምንም አልሆነም፤ ይህን የሚያውቅ ሰው እውነቱን ያውቃል። ነገር ግን ከጣዖት አምልኮ ትናንት የወጣው ወንድሙ ያን ሥጋ ሲበላ ቢያየው፥ ያ ወንድም የሚያየው ሥጋን ሳይሆን መሠዊያውን ነው፤ ሕሊናውም ይቈስላል። ስለዚህ ሐዋርያው የሚከለክለው ሥጋው ስለ ረከሰ ሳይሆን ወንድም እንዳይጠፋ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ልጆቹን ከዜማ ዕቃ ያራቃቸው በዚህ መንገድ ቢታሰብ፥ አባቱ ትክክል ነበር፤ ከ500 ዓመት በኋላ ኦርጋንን ወደ ገዳማቸው ያስገቡት መነኮሳትም አልካዱትም።

«ከመነሻው የተበላሸ ነገር አይቀደስም» የሚለውን ፍርድ አጥብቀን ብንይዘው ወደ የት እንደሚያደርሰን እንይ። ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 4 በገናና መለከት ለሚይዙ ሁሉ አባት የሆነው ዩባል ነው ይላል፤ እርሱም ከቃየል ዘር ነው። ገድለ አዳምም ደቂቀ ሴትን ከደብር ቅዱስ ያወረዳቸው ከሸለቆው ይሰማ የነበረው የደቂቀ ቃየል ዘፈንና የዜማ ዕቃ እንደ ሆነ ይተርካል። ከዚህ የባሰ መነሻ የት ይገኛል? ነገር ግን ዳዊት በገናን ይዞ በሳኦል ፊት በደረደረ ጊዜ ክፉው መንፈስ ከንጉሡ ይርቅ ነበር እንጂ፥ የቃየል ልጅ ዕቃ ነው ተብሎ አልተጣለም። በማሕሌታችን የምንይዘው ጸናጽል እንኳ፥ በጥንታዊት ግብፅ ሐቶርና ኢሲስ ለተባሉት ጣዖታት ካህናቱና ሴቶቹ ያንቀጠቅጡት ከነበረው ዕቃ ጋር በመልኩ እጅግ ይመሳሰላል። ይህን የሚያውቅ ሰው በግብፅ ቤተ መዘክር ቆሞ ሲያየው ይደነግጥ ይሆናል። ነገር ግን በጥምቀት ሌሊት በካህናቱ እጅ የሚሰማው ጸናጽል የኢሲስ ነው ብሎ የሚናገር ማን ነው? ከበሮአችንም እንዲሁ ነው፤ በሠርግ ቤትም ይመታል፤ በቤተ ክርስቲያን ግን ሊቃውንቱ በሁለቱ ፊቶቹ ብሉይንና ሐዲስን፥ በጠፍሩም የጌታን የግርፋት ሰንበር ያነቡበታል። ዕቃው አልተለወጠም፤ የሚያነበው ሕዝብ ግን ሌላ ነው።

ስለ ሽማግሌው አሳብ ይህን ያህል ካልሁ፥ ስለ ወጣቱም አሳብ ልናገር። «ዕቃ ዕቃ ብቻ ነው» የሚለው ቃል በቀላሉ ይማርካል፤ የምዕራባውያኑ ታሪክ ግን አይመሰክርለትም። ዕቃ የራሱ ፈቃድ ባይኖረውም የራሱ ዝንባሌ አለው፤ ወደ ቤት የገባ ትልቅ ዕቃ ቤቱን በራሱ ልክ ያደርገዋል። ኦርጋን ከአደባባዩ ያመጣው ደም አልነበረም፤ አዲስ ፈተና ግን አመጣ። በ12ኛው መቶ ዓመት የነበረው እንግሊዛዊው አበምኔት ኤልረድ፥ የወናፉ ጩኸት ከዜማ ጣዕም ይልቅ ነጐድጓድ እንደሚመስል፥ ሕዝቡም አፉን ከፍቶ ሲመለከት ወደ ጸሎት ቤት ሳይሆን ወደ ቲያትር የመጣ እንደሚመስል ጽፎ አዝኗል። በ13ኛው መቶ ዓመት ቶማስ አኲናስ ቤተ ክርስቲያን እንደ አይሁድ እንዳትመስል የዜማ ዕቃ አትጠቀምም ብሎ ሲጽፍ፥ ኦርጋኖቹ በብዙ ስፍራ ቆመው ነበር። በ1361 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሐልበርሽታት የቆመው ኦርጋን፥ በኋላ ፕሬቶሪዮስ የተባለው የዜማ ሊቅ በ1619 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ እንደ ገለጸው፥ 20 ወናፎች ነበሩት፤ 10 ሰዎችም በእግራቸው እየረገጡ ይነፉት ነበር፤ የሚመቱት እንጨቶችም ሰፋፊ ስለ ነበሩ ተጫዋቹ የሚመታው በጡጫ ነበር። ከዚያ በኋላ ከተሞች በኦርጋን ታላቅነት መፎካከር ጀመሩ።

የዚህም ውጤት ሕዝቡ ዝም ማለቱ ነው፤ መሣሪያው ሲዘምር ሰው ያዳምጣል። የትሬንት ጉባኤ በ1562 ዓ.ም. በኦርጋንም ሆነ በዝማሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባው የዘፈን ጠባይ ሁሉ እንዲወጣ አዘዘ። በዙሪክ ዝዊንግሊ፥ እርሱ ራሱ ብዙ የዜማ ዕቃ መጫወት የሚያውቅ ሰው ሆኖ ሳለ፥ ኦርጋኖቹን በ1524 ዓ.ም. ዝም አሰኛቸው፤ በ1527 ዓ.ም. ተነቀሉ። የሚወደውን ነገር ከራሱ ያስወገደ ሰው ስለ ሆነ፥ በትምህርቱ ባልስማማም በዚህ ሥራው ሳላከብረው አላልፍም። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ፓርላማው በ1644 ዓ.ም. ኦርጋኖች ከአብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ ዐዋጅ አወጣ፤ በ1660 ዓ.ም. ንጉሡ ሲመለስ እንደ ገና ይሠሩ ጀመር። አርጅተው ሳይሆን ስለ ነፍስ ክርክር ሲፈርሱና ሲታነጹ የኖሩ ብዙ የዜማ ዕቃዎች በዓለም አይገኙም።

ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። በ1706 ዓ.ም. በአርንሽታት የቤተ ክርስቲያኑ ሹማምንት ወጣቱን የኦርጋን መምህር ጠርተው፥ በመዝሙሩ ውስጥ እንግዳ ድምፆችን እየቀላቀልህ ሕዝቡን ግራ አጋባኸው ብለው ገሥጸውታል። በኋላ ዘመን የዓለም ሊቃውንት ሁሉ ባኽን አመስግነው እነዚያን ሹማምንት ይሥቁባቸዋል። እኔ ግን አልሥቅም። አንዲት አሮጊት መዝሙሯን ልትዘምር ወደ ቤተ ክርስቲያን መጥታ የዜማው መንገድ ቢጠፋባት፥ ጥፋቱ የእርስዋ ነውን? ባኽ በብዙ ድርሰቶቹ መጨረሻ «ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ» የሚለውን የሚያመለክቱ ሦስት ፊደሎችን ይጽፍ ነበር፤ ትሕትናው እውነተኛ ነው። ነገር ግን ትሑት ሰው የሚጫወትበት መሣሪያም ቢሆን የአሮጊቲቱን ድምፅ ሊውጠው ይችላል።

ስለ ሌሎቹ የምዕራብ የዜማ ዕቃዎች ብዙ አልናገርም። ቫዮሊን በ16ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ አገር በክሬሞና በአማቲ ቤተ ሰብ እጅ መልኩን ይዟል፤ ፒያኖ በ1700 ዓ.ም. ገደማ በፍሎረንስ በክሪስቶፎሪ ተፈጥሯል። ሁለቱም ከቤተ ክርስቲያን ውጭ በዳንስና በመሳፍንት አዳራሽ ያደጉ ናቸው። የኦርጋን ኑሮ ግን ወደ መጀመሪያው ተመልሷል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ ድምፅ ለሌላቸው ፊልሞች ማጀቢያ እንዲሆን በሲኒማ ቤት ቆመ። ከ1929 እስከ 1932 ዓ.ም. የተሠራው፥ ከ33,000 በላይ ቧንቧዎች ያሉት የዓለም ታላቁ ኦርጋን የሚገኘው በካቴድራል ሳይሆን በአትላንቲክ ሲቲ ከተማ የቡጢ ግጥሚያና የቁንጅና ውድድር በተደረገበት አዳራሽ ውስጥ ነው። በ1935 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው የሐመንድ ኦርጋን ለሽያጭ ወጣ፤ ቧንቧ ማቆም ለማይችሉ ትናንሽ አብያተ ክርስቲያናት በርካሽ እንዲደርስ ታስቦ ሳለ በጭፈራ ቤቶችም ተወደደ። በ1941 ዓ.ም. ደግሞ በቺካጎ ከተማ በኳስ ሜዳ ሕዝቡን ለማሟሟቅ ኦርጋን ተነፋ። ከአደባባይ ወጥቶ፥ በቤተ መንግሥት አልፎ፥ በቤተ መቅደስ አንድ ሺሕ ዓመት ቆይቶ፥ እንደ ገና ወደ አደባባይ። በአገራችን ከተሞች «ኦርጋን» ተብሎ የሚጠራው ትንሹ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የዚህ የመጨረሻው ዘመን ልጅ ነው፤ ቧንቧ የለውም፥ ነፋስም አያውቅም። ወጣቱ መዝሙር ሊያጅብበት ያሰበው ድምፅ በልጅነቱ በሠርግ አዳራሽ የሰማው ድምፅ እንጂ የመነኮሳቱ አልነበረም።

ለወጣቱ የሰጠሁት መልስ ግን ከትዝታ ይልቅ በዜማው ባሕርይ ላይ ያረፈ ነበር። የኦርጋን ቧንቧ አንድ ጊዜ ከተቈረጠ በኋላ የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከዚያ ፈቀቅ አይልም፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው መሄድ እንደ ደረጃ መርገጥ ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግን በደረጃ የሚወጣ ሳይሆን እንደ ውኃ የሚፈስ ነው። ድፋቱ፥ ሂደቱ፥ ጭረቱ፥ ይልቁንም ርክርኩ በሁለት እንጨቶች መካከል ባለው ባዶ ስፍራ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። ግዕዝን፥ ዕዝልንና አራራይን በእነዚያ እንጨቶች ላይ የሚያሳርፍ ሰው የሚያሳርፈው ዐፅማቸውን ብቻ ነው። ዜማችን መሣሪያውን የማትቀበለው ስለ ናቀችው ሳይሆን በእርስዋ ልክ ስላልተሰፋ ነው። ለዚህም ታሪክ ምስክር አለው። በ1520 ዓ.ም. የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል በመጡ ጊዜ፥ ከመካከላቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፥ ካመጧቸው ስጦታዎች ጋር ኦርጋን ነበረ፤ የሚጫወትበትም ሰው አብሮ መጥቶ ነበር። ያሬዳዊው ማሕሌት ግን እንደ ቀድሞው በከበሮ፥ በጸናጽልና በመቋሚያ ቀጠለ።

አንድ ነገር ደግሞ ሽማግሌውንም ወጣቱንም አስደነቃቸው። በ1903 ዓ.ም. የሮም ጳጳስ አሥረኛው ፒዮስ ስለ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ባወጣው ደንብ፥ ኦርጋንን ከነክብሩ ሲያጸና፥ ፒያኖን ከለከለ፤ ከእርሱም ጋር ከበሮን፥ የሚጋጩ የነሐስ ዕቃዎችንና ቃጭልን ጫጫታ ያላቸው፥ ቁም ነገር የሌላቸው ብሎ ከቤተ መቅደስ አወጣ። በእኛ ዘንድ የጌታ ግርፋት የሚነበብበት ከበሮ በዚያ ደንብ የቀልድ ዕቃ ነው። በ1963 ዓ.ም. የቫቲካን ጉባኤ ኦርጋንን በክብሩ እንደ ያዘ ለየሕዝቡ ተስማሚ የሆኑ ሌሎች ዕቃዎችም ሊገቡ እንደሚችሉ ፈቀደ፤ ያ 60 ዓመት ግን አለፈ። ሽማግሌውን እንዲህ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ «አባቴ፥ እኛ ባለቤት ሆነን እነርሱ እንግዳ ቢሆኑና ከበሮአችንን በጨርቅ እንሸፍነው ቢሉን ምን ይሰማን ነበር?» ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፥ «ከበሮው እኮ ምን እንደ ሆነ አያውቁም» አሉ። «እኛስ የእነርሱን እናውቃለን?» አልሁ።

ውሳኔዬም ይህ ሆነ፤ ኦርጋኑ አይሸፈንም፥ በእኛም አገልግሎት አይነፋም። ወጣቱ በመጀመሪያ ቅር አለው፤ በኋላ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የሕንፃው ባለቤቶች መሪ ሲለማመድ ሄዶ ያዳምጥ ጀመር፤ እርሱም ማሕሌት ሲቆም መጥቶ በኋላ በኩል ይቀመጣል። የተሰፋው መጋረጃ ልጆች ፊደል የሚቈጥሩበትን ክፍል ከአዳራሹ ለመለየት ተሰቀለ። ሽማግሌው ግን ወደ ቅዳሴ ሲገቡ እስከ መጨረሻው ዐይናቸውን ወደ ሰገነቱ አያነሡም ነበር፤ እኔም አንሡ ብያቸው አላውቅም።